ከብቱን ከፎቶው አታስወጡት

«ማንም ያልቀረጸው የዱር እንስሳት ቦታ ታውቃለህ?» ይህን ጥያቄ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምጠየቅ ቆጥሬ አላውቅም። ጠያቂዎቼ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ጥሩ ካሜራ አላቸው፤ ሌንሳቸው ከኔ ይበልጣል፤ ዓይናቸውም የሰላ ነው። ሰሜን ተራሮች ተሰለቸ ይላሉ። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ያላነሣ የለም ይላሉ። የሐረር ጅብማ ከቱሪስት እጅ ሥጋ ሲቀበል ያልታየበት ስልክ የለም። ስለዚህ ስሙ ያልተነሣ፣ እግር ያልበዛበት፣ እነሱ «ቨርጂን» የሚሉት ቦታ ይፈለጋል። እኔም ክፋት የለብኝምና እነግራቸዋለሁ፦ ሰንቀሌ፣ ጓሳ፣ ባቢሌ፣ ያቤሎ፣ ማዜ። ሄደው ይመለሳሉ። ፎቶውን ያሳዩኛል። ደሜ የሚፈላው ያን ጊዜ ነው።

ፎቶው ያምራል እኮ! ችግሩ እሱ አይደለም። ቆርኬው ወርቅ በመሰለ ሣር ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ሰማይ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ላም የለም። እረኛ የለም። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የለም። ጠመንጃ ያነገተ ስካውት የለም። ሰንቀሌን የሚያውቅ ሰው ያንን «ምንም» ለማግኘት ምን ያህል መልፋት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ከብቱ እስኪያልፍ መጠበቅ አለ፣ በደረት መተኛት አለ፣ ሌንሱን ማጥበብ አለ፤ በመጨረሻም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ጥግ ላይ የቀረችውን የላም ጭራ መቁረጥ አለ። ከዚያ በሥሩ «ያልተነካች ምድር» ተብሎ ይጻፋል። ያልተነካች! ጠዋት ማታ ስንት ኮቴ የሚረግጣትን ምድር!

የኔ ጠብ ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ዝና የጎደላቸውን መጠለያዎች ፈልጎ መሄድን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ካሜራ ያለው ሁሉ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ነገር ግን እዚያ ድረስ ተጉዞ፣ አዳር ከፍሎ፣ አቧራ ቅሞ፣ ቦታውን ሌላ አገር አስመስሎ መመለስ ውሸት ነው። ውሸቱ ደግሞ ተጎጂ አለው። ተጎጂው ያ የተቆረጠው እረኛ ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃ ነበር፤ ግን ቆርኬውም ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። የዱር አራዊት ምን እንደሚመስሉ የተማርነው ከሌላ አገር ፊልም ነው። ልጅ ሆነን በቴሌቪዥን ያየነው ሜዳ የሴሬንጌቲ ሜዳ ነው፤ ዛፉም የዚያው ዛፍ ነው። ሰው የሚባል ፍጡር በፊልሙ ውስጥ ከታየ ወይ ፈረንጅ ተመራማሪ ነው፣ ወይ ለጌጥ የቆመ ማሳይ ነው። ይኸው እስካሁን ስለ ኢትዮጵያ የዱር ሀብት የሚተርክ ዶኩመንተሪ ሲሠራ፣ ተራኪው «አገራችን በተፈጥሮ ሀብት የታደለች» ብሎ ሲጀምር፣ በምስሉ ላይ ዊልደቢስት ወንዝ ሲሻገር ይታያል። ዊልደቢስት! በኢትዮጵያ ምድር የማይኖር እንስሳ ነው። የማራ ወንዝ ከኛ ጋር ምን አገናኘው? አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም አጠገቤ ያለ ሰው «ይኸ የት ነው? አዋሽ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። የአዋሹ ሳላ በአካል አራት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ ማለት ነው።

ከውጭ የመጣውን ምስል የሚጠቀመው ሰው ሰነፍ ነው፤ እሱን ማስተማር ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ትጉው ነው። ትጉው ሰንቀሌ ድረስ ይሄዳል፤ ግን በልቡ የያዘው ሴሬንጌቲን ነውና ሰንቀሌን እስክትመስለው ድረስ ይከረክማታል።

እስቲ ስለ ሰንቀሌ ልንገራችሁ። ከሻሸመኔ ወደ ሐላባ በሚወስደው መንገድ፣ አጄ ከተማ ደርሳችሁ ትታጠፋላችሁ። የስዌይን ቆርኬዎች መጠለያ ይባላል። ስሙ የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ነው፤ እንስሳው ግን የኛ ብቻ ነው። ድሮ በሶማሊያም ነበር፤ እዚያ ጠፍቷል። ዛሬ በዓለም ላይ ይህን ቆርኬ ማየት የፈለገ ሰው ኢትዮጵያ መምጣት ግዴታው ነው። መልኩ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ቸኮላታ ልበለው፤ ፊቱ ረጅም፣ ቀንዱ ወደ ውጭ ወጥቶ የሚታጠፍ። ወንዱ ኩይሳ ላይ ወጥቶ ሲቆም ራሱን የአገር ሹም ያስመስላል። ከፎቶ አንሺ አይሸሽም ማለት ይቻላል፤ ሰው ለምዷል። ይህ «ሰው ለምዷል» የሚለው ነገር ነው እንግዲህ ወሬው ሁሉ።

መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አሁን 54 ገደማ ነው። በሺዎች ይቆጠር የነበረው ቆርኬ አንድ ወቅት እጅግ መንምኖ፣ እንደገና አገግሞ ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ፓርኮቻችን የሚቀምሱት መከራ ለሰንቀሌም አልቀረላትም። ከመቶ ዓመት በፊት የከብት ደስታ በሽታ አለ፣ ከዚያ በኋላ አደን አለ፣ ከዚያ እርሻ አለ፣ ከዚያ ግጦሽ አለ። ይህ ሁሉ ታሪክ መሬት ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ቆማችሁ ዓይናችሁን ዞር ብታደርጉ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ታያላችሁ፦ ቆርኬውን፣ ከብቱን፣ ከዚያ ማዶ የታረሰውን። እንዲህ ዓይነት ነገር በአንድ ፍሬም የሚሰጥ ቦታ ብዙ አይገኝም። ሴሬንጌቲ መሐል ቆማችሁ ይህን አታገኙትም።

አንድ ጊዜ አብሮኝ የሄደ ጎረምሳ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጎ ጠዋት ሙሉ ቆመ። ቆርኬዎቹ ጥሩ ቦታ ላይ ናቸው። ብርሃኑ ሊያመልጠው ነው። ግን በነሱና በሱ መካከል አሥር የሚሆኑ ላሞች ገብተዋል። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው እረኛ ልጅ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ያየናል። «ወንድሜ፣ እነዚህን ትንሽ ወደዚያ ትነዳልን?» አለው ጎረምሳው፣ በእጁም እያሳየ። ልጁ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። ስካውቱ ሳቀ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«‹ወዴት ልንዳቸው?› ነው የሚለው።»

«እዚያ ማዶ ብቻ፣ ለአምስት ደቂቃ» አለ ጎረምሳው።

«ጋሼ፣ ልጁ እውነቱን ነው እኮ» አለኝ ስካውቱ ወደኔ ዞሮ፤ በዕድሜ ስለምበልጥ ይመስለኛል ጉዳዩን ከኔ ጋር መጨረስ የፈለገው። «በዚያ በኩል እርሻ ነው፤ ቢገቡ ይከሰሳል። በዚህ በኩል ቆርኬ ነው፤ ቢገቡ እኔ አባርረዋለሁ። መሐል ነው የቆመው።»

እኔ ካሜራዬን ያዞርኩት ወደ ልጁ ነው። እናቱ አጄ ገበያ ሄዳ እንደነበርና እሷን ጠይቀን እንዳሳየነው ለደንቡ ልጨምር። ከዚያ ቀን ቀረጻ ውስጥ የሚረባው ያ አርባ ሰከንድ ነው፦ ከፊት ላሞቹ፣ ከኋላ ቆርኬዎቹ፣ በመሐል «ወዴት ልንዳቸው?» የሚል ልጅ። ጎረምሳው ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የፈለጋትን ፎቶ አገኘ። ቆርኬ፣ ሣር፣ ሰማይ። ጥሩ ቁጥር ያለው ሰው ወዶለታል። አንዱ አስተያየት ሰጪ «ኬንያ ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ይህን ስጽፍ አልቀለድኩም።

መልሳቸውን አውቀዋለሁ። «ተመልካች ንጹሕ ተፈጥሮ ነው የሚፈልገው፤ ላም ሰፈሩ ሞልቶለታል» ይላሉ። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም፤ ፈረንጆቹም ብለውታል፣ የት እንዳደረሳቸውም ይታወቃል። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው «ዋይት ዊልደርነስ» በተባለ ዶኩመንተሪ ውስጥ ሌሚንግ የሚባሉ አይጥ መሳይ ፍጥረቶች ከገደል ራሳቸውን ሲወረውሩ ይታያሉ። ፊልሙ ኦስካር ተሸለመ። ትውልድ ሙሉ ሌሚንግ ራሱን የሚገድል እንስሳ ነው ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የካናዳ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ነገሩን ሲያጣራ፣ እንስሳቱ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ ገደል ውስጥም የገፏቸው ቀራጮቹ እንደነበሩ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በለንደን በሚካሄደው ትልቁ የዱር አራዊት ፎቶ ውድድር ላይ ተኩላ አጥር ስትዘል የሚያሳይ ፎቶ አንደኛ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ዳኞቹ ተኩላዋ ለማዳ ሳትሆን አትቀርም ብለው ሽልማቱን ሰረዙት፤ ፎቶ አንሺው እስከ መጨረሻው ክዷል። ሁለቱም ጉዳይ ላይ «ተመልካች ይህን ይፈልጋል» የሚለው ነገር ነበረበት። ተመልካች እኮ የሚፈልገው ያለመዱትን ነው። ላም ያለበት የቆርኬ ፎቶ አምጥታችሁለት ሲጠላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም፤ አላመጣችሁለትማ።

ወደ አጥር ልምጣ፣ አጥርን የሚያወጡ ደግሞ ሌላ ዘር ናቸው። ጫካ መሄድ የማይችል፣ ወይም ገንዘቡ የማይደርሰው፣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዶ በሽቦው ቀዳዳ ሌንሱን አስገብቶ የአንበሳውን ፊት ብቻ ያነሣል። ከዚያ «የኢትዮጵያ ጥቁር ጎፈር አንበሳ በዱር» ይላል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ ነው። አንበሶቹ ጎፈራቸው ጠቁሮ እስከ ደረትና ሆድ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የ15ቱን ዘረመል መርምሮ ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ አስቡት፦ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የሚያስደንቀው ነገር እነዚህ አንበሶች ትውልድ በትውልድ በከተማ መሐል፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ የታክሲ ጡሩንባ እየሰሙ መኖራቸው ነው። ታሪኩ አጥሩ ነው። አጥሩን ካወጣችሁት ከፊታችሁ የሚቀረው አንድ ድመት ነው፣ ትልቅ ይሁን እንጂ።

ሆለታ አካባቢ ያለው እንስሳ ኮቴ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ቦርን ፍሪ የሚያስተዳድረው ማዕከል ነው፤ ከ70 ሄክታር በላይ ነው፤ ከሰው እጅ የተነጠቁ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎች፣ ጦጣዎችና ሌሎችም ይገኙበታል። የሕዝብ መዝናኛ አይደለም፤ ቀድሞ ተነጋግሮ ነው የሚኬደው። እዚያ ያለውን አቦ ሸማኔ ቀረብ አድርጋችሁ፣ ሽቦውን በትኩረት አደብዝዛችሁ ብታነሡ ምን ታገኛላችሁ? እንባ ያቀረረ የሚመስል ዓይን ያለው፣ ለስላሳ፣ ሊያቅፉት የሚያሰኝ ፍጡር። ያንን ፎቶ ማን እንደሚያየው ደግሞ አስቡ። የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ በሶማሌላንድ በኩል ባሕር ተሻግረው ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ሲሸጡ ኖረዋል። ገዥው ሀብታም በቅንጦት መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ፎቶ ይነሣል፤ ያንን ፎቶ ያየ ሌላ ሀብታም ደግሞ ይመኛል። ብዙዎቹ ግልገሎች መንገድ ላይ ያልቃሉ። የተረፈና የተያዘ ጥቂቱ አጥር ውስጥ ይገባል፤ አደን ያስተማረው እናት የለውምና ወደ ዱር መመለሱ አይሆንለትም። ይህን ሁሉ የሚናገረው ሽቦው ነው። ሽቦውን ያደበዘዘ ሰው፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ለነጋዴው ማስታወቂያ ሠራለት። ከባድ ቃል ነው፤ አላለሰልሰውም።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው፣ ሰውየውን ካወጣችሁት እንስሳው ራሱ ትርጉም የሚያጣበት ቦታ አለ። ጓሳ። በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጭ አገር። ጭላዳው በመንጋ ሣር ሲነጭ፣ ቀይ ቀበሮው አይጥ ሲያደባ ይታያል። ይኸ ሁሉ ለምን እዚያ ተረፈ? መንግሥት ስለከለለው አይደለም። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ስለጠበቀው ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለስንቱ ያስፈልጋል። ስለሚያስፈልግም ለዓመታት ተዘግቶ ይከርማል፤ በስምምነት ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ቀድሞ የገባ ይቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ሰዉ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ አነሣው፣ በኋላም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በሕግ ታወቀ። ታዲያ የጓሳን ጭላዳ አንሥቶ ማጭዱን መተው ምን ይሉታል? ደራሲውን ሳይጠሩ መጽሐፉን እንደ ማንበብ ነው። እኔ ከጓሳ ከመጡ ፎቶዎች ብዛት ውስጥ ገመድ የሚገምድ ሰው ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። በነገራችን ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደዚያ አካባቢ መሄድ በጦርነቱ ምክንያት እንደ ድሮ ቀላል አይደለም፤ የሚሄድ ሰው ቀድሞ የአገሩን ሰው ይጠይቅ።

ባቢሌም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ለዝሆን ተብሎ የተከለለ፣ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መጠለያ ነው። ዝሆኖቹ እሾህ ውስጥ ይጠፋሉ፤ ፎቶ አንሺ ሳምንት ተንከራቶ ጀርባ ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል። ከሚበሉት ነገር አንዱ በለስ ነው። በለስ ደግሞ ከአሜሪካ ተሻግሮ የመጣ፣ ሰው ያሰራጨው ተክል ነው። «ያልተነካች» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ምን ይዋጥለት? ዝሆኑ ራሱ ነክቶታል፣ በልቶታልም።

አሁን ወደ ዋናው ቁስል ልግባ። ሰውን ከፎቶ ማውጣት የፎቶ ጉዳይ ሆኖ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጮህኩ። ሰሜን ተራሮችን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረው፣ የሚያርሰውና የሚያግጠው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተነሡ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ጊዮም ብላን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ አንሥቶ፣ ሰው የሌለባት አፍሪካ የምትባለው አውሮፓ የፈጠረቻት ምኞት ናት ብሎ ይከራከራል። እኔ የግጭ ሰዎች በፎቶ ምክንያት ተነሡ አልልም፤ ነገሩ ከዚያ በላይ የተወሳሰበ ነው፤ ካሳም፣ ድርድርም፣ የመሬት መራቆትም አለበት። ነገር ግን ዓለም ለዐሥርት ዓመታት ያየው የሰሜን ፎቶ ዋልያና ገደል ብቻ መሆኑን ማን ይክዳል? በዚያ ፎቶ ላይ የግጭ ገብስ የለም። የሌለ ሰው ሲነሣ «ማን ተነሣ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ከብላንም ጋር ግን እስከ መጨረሻው አልሄድም። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ወደ ሌላው ጫፍ ይፈናጠራሉ፤ «እረኛው ንጹሕ ነው፣ ከብቱ ምንም አያደርግም፣ ነገሩ ሁሉ የፈረንጅ ሤራ ነው» ይላሉ። ውሸት። ከብት ቆርኬን ሣር ይሻማል። እርሻ ሰንቀሌን ከሩብ ብዙም በማይበልጥ መጠን አስቀርቷታል። ነጭ ሳር ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ቆርኬ ከሰንቀሌ ተወስዶለት ነበር፤ ዛሬ እዚያ ቆርኬ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ወገቡን ያጥብቅ። (ያ ፓርክ ግን ለሚያስቅ ነገር አይታማም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ የምርምር ቡድን መንገድ ላይ የሞተ የሌሊት ወፍራሪ ክንፍ አገኘ፤ አንድ ክንፍ ብቻ። ከዚያች ክንፍ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ የወፍ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ ሳይንሳዊ ስሙም «ሶላላ» ነው፣ «ብቸኛ ክንፍ» እንደማለት። «ማንም ያልቀረጸው» የምትሉ ልጆች፣ እንካችሁ፤ ሂዱና እሷን ፈልጉ!)

እንግዲህ ከብቱ ጉዳት ያደርሳል ካልኩ ለምን በፎቶው ይግባ እላለሁ? ጉዳት ስለሚያደርስ ነዋ! ላሙን ስትቆርጡት የቆርኬውን ጭንቅ ቆርጣችሁ ጣላችሁት። ያንን ንጹሕ ፎቶ ያየ ባለሥልጣን «ሰንቀሌ ደህና ናት» ብሎ ይተኛል። ያንኑ ፎቶ ያየ የውጭ ረጂ «ባዶ መሬት ነው» ብሎ ዕቅድ ያወጣል። ስካውቱ በትንሽ ደመወዝ ከገበሬ ጎረቤቱ ጋር እየተጣላ፣ ሌሊት ብቻውን እየዞረ የሚያድረው ሥራ በምስሉ ላይ የለምና ደመወዙን የሚጨምርለት አይኖርም። አንዱን ቆርጣችሁ ሁለቱን አጠፋችሁ፤ የሚያሰጋውንም የሚጠብቀውንም።

ከዚህ ሌላ ገበያው አለ፣ እሱን ሳላነሣ ባልፍ ለወጣቶቹ አድልዎ አላደረግኩላቸውም። የሰንቀሌን ቀረጻዬን ወደ 38 ደቂቃ አሳጥሬ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወስጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ቡና አስመጣልኝ፤ ፊልሙን ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ አየ። ሲያበቃ «ወንድሜ፣ በጣም ግሩም ነው፤ ላሞቹን ብቻ ቀነስ ብታደርግልን» አለኝ። ስንቱን ልቀንስ አልኩት። «ቱሪዝም ነው እኮ የምንሠራው» አለ። ወጣቱ ይህን ሲሰማ ምን ያድርግ? ኪራይ አለበት፤ ካሜራው በዕዳ ነው። ስለዚህ ቆራጩ እጅ የወጣቱ ቢሆንም መቀሱን የሚያቀብለው ሌላ ነው። አስጎብኚ ድርጅቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ ብሮሹራቸው ላይ ያለው አገርና እንግዳው መጥቶ የሚያየው አገር የተለያየ ነው። እንግዳው ላም ሲያይ «ተታለልኩ» ይላል። እውነቱንም ነው፤ ተታሏል፤ ያታለለው ግን ላሙ አይደለም።

ቦታ ንገረን የሚሉኝን አሁንም እነግራቸዋለሁ፤ በቃላት ጠብ ብቻ ሰው አይመለስምና። ሰንቀሌ መሄድ የፈለገ ከሻሸመኔ አጄ ይድረስ። ለሥራ የሚቀርጽ ከሆነ ፈቃዱን አስቀድሞ አዲስ አበባ ይጨርስ፤ በር ላይ ቆሞ ከስካውት ጋር መነታረክ ነውር ነው፤ ድሮንም ያለ ፈቃድ አያስነሣ። አንድ ቀን አይበቃም፤ ሦስት ቀን ይያዝ። በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን ባያወጣ እመርጣለሁ፤ ከስካውቱ ጋር ይዙር፣ ከብቱ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ይይ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ሜዳው ላይ ቢደርስ ጥሩ ብርሃን ያገኛል፤ ከብቱ የሚገባው ትንሽ ረፈድ ሲል ነውና ሁለቱንም ያያል። ባቢሌ ወይም ባሌ የሚሄድ ደግሞ የዝሆኑንና የቀበሮውን ጎሬ ትክክለኛ ቦታ ስልኩ ላይ አይለጥፍ፤ አዳኝም ስልክ አለው። ፎቶ የሚለጥፍ ሰው በሥሩ ሁለት መስመር ይጨምር፦ ዱር ነው ወይስ አጥር፣ ከፍሬሙ ውጪ በግራና በቀኝ ምን ነበር። ይህን ለመጻፍ ሌንስ አያስፈልግም።

የ38 ደቂቃው ፊልም እስካሁን አልተሸጠም። ላሞቹ ሁሉም አሉበት። ባለፈው አጄ ስሄድ በላፕቶፕ ይዤው ሄጄ ለስካውቶቹ አሳየኋቸው፤ ቡና ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ሆነን አየነው። ቆርኬው ሲመጣ ዝም አሉ። ከብቱ ሲመጣ ግን «ያቺ የእገሌ ናት!» እያሉ ባለቤቱን በስም መጥራት ጀመሩ፤ አንዷ ላም ባለፈው ክረምት መሞቷንም ነገሩኝ።